ለዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ያልከዳኝ የፖም ክራምብል በራሴ ምድጃ ሦስት ጊዜ ከዳኝ

የሱሉልታዋ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ስልኩን ከፍቶ ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ሄዷል፤ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉኝ።

በወጣትነቴ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በእንግሊዞች ቤት ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ስገባ ከወጥና ከእንጀራ በቀር የማውቀው አልነበረም። የፈረንጁን ሙያ አንድ በአንድ ያስያዙኝ እመቤቲቱ ናቸው፤ ከሁሉም አብልጬ የያዝኩት ክራምብል የሚሉትን የፍራፍሬ ጣፋጭ ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ ፖም ተልጦና ተከትፎ ከመጋገሪያው ዕቃ ሥር ይተኛል፤ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር በጣት ጫፍ ታሽቶ እንደ ደረቅ ፍርፋሪ ሲሆን ከላዩ ይነሰነሳል፤ ከዚያ ምድጃ ይገባል። እርሾ የለው፣ እንቁላል የለው፣ መዳመጥ የለው። እሑድ ምሳ በመጣ ቁጥር ስለሚሠራ፣ ለዕረፍት አገራቸው የሚሄዱበትን ቀንሼ ባስበው እንኳ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ጋግሬዋለሁ። አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። እንግዳ ሲኖር እመቤቲቱ ወደ ጓዳ ብቅ ይሉና «ዛሬም እንደ ወትሮው» ይሉኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ልጄ በሠራው ቤት። የልጅ ልጄ ስትወለድ ምድጃ ተገዛልኝ፤ ከላይ አራት ማንደጃ፣ ከሥር መጋገሪያ ያለው፣ በጋዝ የሚሠራ። «እማዬ፣ ያንን የፈረንጅ ነገር አሁን ሥሪልን» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ አፈርኩ።

በመጀመሪያው ፍርፋሪው እሳት ውስጥ ቀለጠና ተያያዘ፤ ሳወጣው ከላይ አንድ ወጥ ቂጣ ሆኗል፣ ዳር ዳሩን ቅቤ ይዋኝበታል። በማንኪያ ስመታው ኳ አለ። ቅቤ በዝቶበት ይሆናል ብዬ በሁለተኛው በግምት ቀነስኩ፤ አሁን ደግሞ ዱቄቱ ዱቄት ሆኖ ቀረ። የልጅ ልጄ ጎርሳ ሳቋ ቢመጣባት በአፍንጫዋ በነነ፤ «አያቴ፣ በሶ ነው?» አለችኝ። በሦስተኛው ሥሩ አረረ፣ ላዩ ነጭ እንደሆነ ቀረ፣ ፖሙም በጥርስ ስር ይንቀጫቀጫል።

ልኬቱ ከእጄ አልጠፋም። ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቅቤ፣ አንድ እጅ ስኳር። ይህን በእንቅልፌም አልስተውም። ዱቄቱ የተለመደው የፉርኖ ዱቄት ነው። ቅቤውን ላም ካላት ጎረቤቴ ነው የምገዛው፤ ለጋ ነው፣ ያልተነጠረ። ፖሙ ከሱቅ የተገዛ ቀዩ የውጭ ፖም ነው።

ለዳግም ትንሣኤ የምራቴ እናት ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ። ማንኛውም ምግብ ሲቀርብላቸው አስቀድመው የሚያሸቱ ሴት ናቸው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፤ እጄ ነው የከዳኝ ወይስ ዕቃው?

ቶሎቶሎ

እማማ፣ ለአንድ ቀን እንግዳ ይህን ያህል ምን አደከመዎት? ከኬክ ቤት አንድ ቶርታ ያስመጡና ይገላገሉ።

የሱሉልታዋ

ልጄ፣ ምክርህን ሰምቻለሁ። ቶርታውን በልተው ሲጨርሱ «ዘጠኝ ዓመት የተማሩት ሙያስ?» ቢሉኝ ግን አንተ ትመልስልኛለህ?

የቡራዩ መሐንዲስ

እማማ፣ እጅዎም ዕቃዎም አይደለም፤ ከፍታው ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚያ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። ፖም አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ለመለስለስ ጊዜ ይፈጅበታል። ላዩ ደረቅ ስለሆነ የምድጃውን ሙቀት እንዳለ ይቀበልና ቀድሞ ይደርሳል። ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። ጊዜውን በሃያ ደቂቃ ያራዝሙ።

ዳቦ ጋጋሪው

ወንድሜ ያልከው ስለ ውሃው እውነት ነው፤ ግን ለእማማ መልስ አይሆንም። ኦልድ ኤርፖርትም እኮ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት መቶ ሜትር ቢኖር የመፍያው ልዩነት አንድ ዲግሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልከዳ ምግብ በአንድ ዲግሪ አይከዳም። ሃያ ደቂቃ ይጨምሩ ካልካቸው ደግሞ ሥሩ ያረረባቸውን ምግብ ከሰል ልታደርገው ነው።

እኔ ለገጣፎ ዳቦ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እማማ፣ ከመፍረዴ በፊት ሁለት ነገር ይንገሩኝ። በእንግሊዞቹ ቤት ዱቄቱንና ቅቤውን በምን ነበር የሚለኩት? አሁንስ በምን ይለካሉ? ሁለተኛው፣ የምድጃዎ እሳት ከሥር ብቻ ነው ወይስ ከላይም አለው?

የሱሉልታዋ

እሳቱ ከሥር ብቻ ነው። የእነርሱ በኤሌክትሪክ ነበር፤ ከላይም ከታችም የሚቀላ ሽቦ ነበረው።

በምን ትለኪ ነበር ላልከኝ፣ ትንሽ ነጭ ሚዛን ነበረቻቸው፣ ከላይዋ ሳህን ያላት። ቀይ መርፌዋ ሁለት መቶ ላይ ስትደርስ ዱቄት በቃ፣ መቶ ላይ ቅቤ በቃ፣ መቶ ላይ ስኳር በቃ። ቤቴ ሚዛን ስለሌለ በኩባያ ነው የምለካው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ቅቤ፣ አንድ ኩባያ ስኳር። ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፣ አንድ እጅ መሆኑ ግን ያው ነው።

ዳቦ ጋጋሪው

እማማ፣ ያው አይደለም! ሌባውን ያዝነው።

ዛሬ ጠዋት ሊጡ እስኪነሣ ድረስ አንድ ኩባያ አንሥቼ ሦስቱንም በየተራ እየሞላሁ መዘንኩ። ዱቄቱ 130 ግራም መጣ። ስኳሩ 210። ቅቤው፣ አየር እንዳይኖረው ጠቅጥቄ ስሞላው፣ 240። ኩባያው አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን አይገናኝም። ስለዚህ እርስዎ ሁለት ኩባያ ዱቄት ሲያደርጉ 260 ግራም ነው፤ ለዚያ የሚገባው ቅቤ 130 ግራም ሆኖ ሳለ 240 ያገኛል፣ ስኳሩም ከ200 ያልፋል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ ቅቤና ስኳር እሳት ሲነካው ቀልጦ ዱቄቱን ይዞት ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ከረሜላ ይደርቃል። ኳ ያለብዎ እርሱ ነው። በሁለተኛው ቅቤውን በግምት ሲቀንሱ ከልኩ በታች ወረዱና ዱቄቱን የሚይዘው ጠፋ።

ሚዛን ካላገኙ በኩባያ እንዲህ ያድርጉት፦ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ከአንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ግማሽ ኩባያ ከሁለት ማንኪያ ስኳር። ሚዛን ቢያገኙ ግን ይሻላል። ለስድስት ሰው 200፣ 100፣ 100 ይበቃል፤ ለእንግዶችዎ 300፣ 150፣ 150 አድርገው ፖሙን አንድ ኪሎ ተኩል ያድርጉት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ብወጣም ይቅር በሉኝ። ይህ ምግብ በእንግሊዝ አገር የገነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ቅቤና ስኳር እ.ኤ.አ. በጥር 1940 በራሽን ገቡ፤ የምግብ ራሽኑ ጨርሶ የተነሣውም በ1954 ነው። ሊጥ ዳምጦ ከሥርም ከላይም ፖም ለማልበስ የሚበቃ ቅቤ ስላልነበረ ሴቶቹ ከላይ ብቻ ፍርፋሪ እየነሰነሱ ቤተሰባቸውን አበሉ። ቅቤ ሲበዛበት የሚበላሸው ወዶ አይደለም፤ ከመነሻውም የቁጠባ ምግብ ነው።

የሥሩን ማረር በተመለከተ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ትሪ ያስገቡ፤ የነበልባሉን ግለት ይከላከልልዎታል። ክራምብሉን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉት። ሙቀቱ 180 ዲግሪ፣ ጊዜው አርባ ደቂቃ ገደማ። ሰዓቱን ትተው ዳሩን ይዩ፤ የፖሙ ጭማቂ በጠርዙ በኩል ወፍራም አረፋ እያወጣ ፈክ ፈክ ማለት ሲጀምር ደርሷል።

ፖሙም የራሱ ጥፋት አለበት። እንግሊዞች ለዚህ የሚጠቀሙበት ብራምሊ የሚባል ጎምዛዛ ፖም አላቸው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይፈርሳል። እርስዎ የገዙት ቀዩ ፖም ለጥሬ የሚበላ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ግትር። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጨንቻ ደጋ የሚመጣውን ጎምዛዛውን ፖም ካገኙ ይውሰዱ። ካላገኙም ቀዩን በሁለት ማንኪያ ውሃና በግማሽ ሎሚ ድስት ውስጥ ከድነው ሰባት ስምንት ደቂቃ ያለስልሱት። እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ነገር ይሠራል፤ ደጋ ነውና አሥር ቢሆንም አይጎዳም። ብቻ ፍርፋሪውን ከመነስነስዎ በፊት ፖሙ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ፖም ላይ ቢነሰንሱት ቅቤው ምድጃ ሳይገባ ይቀልጥና ወደ ቂጣው ይመለሳሉ።

የሱሉልታዋ

ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ሚዛኗን በየእሑዱ እያጠብኩ አደርቃት ነበር፤ አንድም ቀን የሥራው ግማሽ የእርሷ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

የራሽኑን ነገር ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመቀበል ተሰልፌ ስለቆምኩ ራሽን ምን እንደሆነ አንተ አትነግረኝም። እኛ ግን በዚያች ስኳር ሻይ ነበር የምናፈላባት።

ድፎ በኮባ

እህቴ፣ እኔ ሰንዳፋ ነኝ፤ በዕድሜ የምንቀራረብ ይመስለኛል። ልጁ በሚዛኑ ልክ ነው። ስለ ቅቤው ግን አንድ ነገር ተወው፤ የዳቦ ቤት ሰው ስለሆነ ቅቤ የሚያውቀው ከነወረቀቱ ነው።

እነዚያ ሰዎች ይጠቀሙ የነበረው የገበታ ቅቤ ይሆናል፤ ከፍሪጅ ሲወጣ እንደ ሳሙና የሚቆረጥ። ያንቺ ከጎረቤት የመጣ ለጋ ነው። ለጋ ቅቤ ከነውሃው ከነአሬራው ነው የሚመጣው። ከዱቄት ጋር ስታሺው ያ ውሃ ዱቄቱን ያቦካብሻል፤ ፍርፋሪ መሆኑ ይቀርና ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ ከዋዜማው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አድርገሽ በእጅሽ እያገላበጥሽ እጠቢው። ውሃው ነጣ ሲል ድፊና ሌላ ጨምሪ። ሦስት አራት ጊዜ ነው፤ ውሃው ጥርት ብሎ ሲቀር በንጹሕ ጨርቅ ጭመቂው። ከዚያ ይደር። ፍሪጅ ባይኖርሽም የሱሉልታ ሌሊት ይበቃዋል። ጠዋት በቢላ እንደ ሽምብራ ፍሬ ከትፈሽ ዱቄቱ ውስጥ ጨምሪውና በጣትሽ ጫፍ ብቻ እሺው። መዳፍሽ እንዳይነካው፤ መዳፍ ይሞቃል። ትልቁም ትንሹም ፍርፋሪ ይቀላቀልበት፤ ሁሉንም እንደ አሸዋ አታድቂው። ከንጥር ቅቤ ደግሞ ተጠበቂ። አንዲት ጎረቤቴ በንጥር ሠርታው ቤቱ ክትፎ ክትፎ ሸተተ።

ላዩ አልቀላ ያለሽን ድፎ እንደምትደፊው አስቢው። እኛ ድፎ ስንደፋ እሳት ከሥርም ከላይም አይደለም እንዴ? ክራምብሉ በስሎ ላዩ ነጭ ከሆነብሽ ከምድጃው አውጪና መሬት ላይ አስቀምጪው፤ የብረት ክዳን ደፍተሽ ፍም ከላዩ ደርድሪበት። አምስት ደቂቃ አይሞላውም። ይህን ስታደርጊ ግን ዕቃው የብረት ትሪ ወይም የሸክላ ይሁን። በመስታወት መጋገሪያ እንዳትሞክሪው፤ ትኩሱ መስታወት ቀዝቃዛ መሬት ሲነካ ለሁለት ይሰነጠቃል።

እንዲያው ስታስቢው ይህ ነገር ከጭኮ ምን ይለየዋል? በሶ በቅቤ የታሸ ፍርፋሪ አይደለም እንዴ ጭኮ? የልጅ ልጅሽ በሶ ነው ያለችው ሞኝ ሆና አይደለም። እኔ ከዱቄቱ ሩቡን አንሥቼ በበሶ እተካለሁ፤ የተቆላ ስለሆነ ጥሬ ጥሬ አይልም፣ እንደ ስንዴም አይሳብም። ፖሙ ላይ ከቀረፋ ሌላ ኮረሪማ ጨምሪበት። ለአንድ ትሪ የሁለት ፍሬ ኮረሪማ ዘር ተወቅጦ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ መድኃኒት ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ

ጣልቃ ገባሁ፤ ይህን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? «የፖም ፍርፍር» ቢባልስ?

ድፎ በኮባ

ፍርፍር ብለሽ እንግዳ ከጠራሽ ቋንጣውን ይጠይቁሻል።

ፊደል ቆጣሪ

ወንድ ነኝ፣ እናቴ። «የፖም ፍርፋሪ»ስ?

ድፎ በኮባ

ይቅርታ፣ ልጄ። ፍርፋሪ ከገበታ የሚወድቀው ነው። ክራምብል ብለው ሠርተውታል፣ ክራምብል ይባል። ማካሮኒንም በስሙ አይደል የምንበላው?

ጾመኛ

ለጾም እንዴት ይሆናል? እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ጣፋጭ ደግሞ የሚያምረኝ በጾም ቀን ነው።

ዳቦ ጋጋሪው

በዘይት ይሆናል። ቅቤ ውስጥ አምስት እጅ ካደረግነው አንዱ እጅ ገደማ ውሃና ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት ግን ሙሉ ስብ ነው። ስለዚህ ለ100 ግራም ቅቤ 80 ግራም ዘይት ይበቃል። በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠብህ በሹካ አማስለው፤ እንደ ቅቤው ጉብ ጉብ አይልም፣ ደቀቅ ይላል። ለውዝ ቆልተህ ሸርከት አድርገህ ወቅጠህ ብትጨምርበት ያንን ይክሳል። አጃም ይሆናል፤ ለገንፎ ከሚሸጠው ተጨፍልቆ ከደረቀው ሁለት እፍኝ።

የሱሉልታዋ

ዳግም ትንሣኤ አለፈ። ውለታችሁን በላሁ እንዳልባል ውጤቱን ልንገራችሁ።

ዓርብ ባለ ሱቁ ዘንድ ሄድኩ። ቡና የሚመዝንበትን ሚዛን ለአንድ ሰዓት አውሰኝ ብለው «እናቴ፣ ሚዛኔን ከሰጠሁ በምን እሸጣለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ቤቴ ተመለስኩና ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ የታጠበውን ቅቤ በየላስቲኩ ይዤ ሱቁ በር ላይ ተሰለፍኩ። ቅቤው 190 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ 40 ግራሙን እዚያው በማንኪያ ቀንሼ ወደ ሳህን መለስኩ። ከኋላዬ የነበረች ልጅ «ሰው ከሱቅ ዕቃ ይገዛል እንጂ ዕቃ ይዞ ይመጣል?» ብላ ሳቀች። ባለ ሱቁ የሚዛኑን ገንዘብ አልጠየቀኝም፤ ክራምብሉ ሲደርስ ግን አትርሱኝ አለ።

ቅቤውን ሐሙስ ማታ ነበር ያጠብኩት። እህቴ ከሰንዳፋ፣ የወጣውን ውሃ ብታዪው! የመጀመሪያው እንደ ወተት ነበር። ከአንድ ሰሃን ቅቤ ያ ሁሉ አሬራ ይወጣል አላልኩም። ሌሊቱን ደጅ መስኮቱ ላይ ከድኜ አሳደርኩት፤ ጠዋት ቢላ ሲገባበት ጠብ ጠብ እያለ ተሰበረ። ያንን ድምፅ አወቅሁት። ጓዳዬ ውስጥ ቆሜ ኦልድ ኤርፖርት የነበረው የእብነ በረድ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ።

የጨንቻውን ፖም ጫፍ ላይ ያለ አትክልት ሻጭ ጋር አንድ ኪሎ ብቻ አገኘሁ፤ ትንንሽ ነው፣ አንዳንዱ ጠባሳ አለው፣ ሲቆረጥ ግን ምራቅ ያስመጣል። ግማሽ ኪሎውን በቀዩ ሞላሁ። ቀዩን ብቻ ቀድሜ አለሰለስኩ፤ ጎምዛዛውን እንዲሁ ከተትኩ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ፈርሶ ሌላው ቅርጹን ይዞ ቀረ፤ ይህ በእመቤቲቱ ቤትም አልነበረም፣ እኔ ግን ወደድኩት። ከዱቄቱ ሩቡን በበሶ ተካሁ፤ የልጅ ልጄ «በሶ ነው?» ስላለችኝ ነው።

ባዶውን ትሪ ከሥር አስገባሁ። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ዳር ዳሩ ፈክ ፈክ አለ፣ ወፍራም ነበር፣ እንደ ማር ክር የሚስብ። ላዩ ግን አሁንም ገርጥቷል። አውጥቼ ድፎ የምደፋበትን የብረት ክዳን ደፋሁበት፤ ለቡና የተያያዘውን ፍም ከማንደጃው እየለቀምኩ ከላዩ ደረደርኩ። ልጄ «እማዬ፣ የፈረንጅ ምግብ ላይ ከሰል?» እያለ ሲስቅ አራት ደቂቃ ሞላ። ክዳኑን ሳነሣ ላዩ የተጠበሰ ለውዝ መስሏል። አንዱ ማዕዘን፣ ፍሙ የበዛበት በኩል፣ ጠቁሮ ነበር። እርሱን ቆርጬ ለሳቀው ሰጠሁት።

የምራቴ እናት እንደጠረጠርኩት አስቀድመው አሸተቱ። ከዚያ አሁንም አሸተቱ። «ኮረሪማ አለበት» አሉ። «አለበት» አልኩ። ከወተት ላይ ያነሣሁትን ስልባቦት ከጎኑ አድርጌላቸው ነበር፤ አንድ ማንኪያ በሉ፣ ሁለተኛውን ሲያነሡ «ማን ነው ያስተማረዎት?» አሉኝ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ስነግራቸው ሳህኑ ባዶ ሆነ። ባለ ሱቁ የደረሰው የትሪው ጠርዝ ላይ የተጋገረው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይጣፍጣል ብዬ አሳምኜዋለሁ፤ ውሸትም አይደለም።

አሁን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ጎረቤቴ የበሰለ ማንጎ በካርቶን አምጥታልኛለች። ማንጎ ይሆናል? መለስለስ ያስፈልገዋል?

ዳቦ ጋጋሪው

ይሆናል፣ እማማ። ማለስለስ አያስፈልገውም፤ እንዲሁ ከትፈው ይክተቱ። ፍሬው ላይ ስኳር አይጨምሩ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ያድርጉበት፤ ማንጎ ብቻውን ጣፋጭ ነው፣ ክራምብል ደግሞ ጎምዛዛ ይፈልጋል። ጭማቂው ስለሚበዛ አንድ ማንኪያ ዱቄት ፍሬው ላይ ነስንሰው ያማስሉት። በጣም የበሰለ፣ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ግን ለጭማቂ ይተዉት።

የሱሉልታዋ

ግማሹ ፈራርሷል። ግማሹን ለጭማቂ፣ ግማሹን ለእሑድ። ሚዛን ግን ልጄ ትናንት ገዝቶልኝ መጣ፤ መርፌ የላትም፣ ቁጥር ነው የምታበራው።